ያልተጠበሰ፣ ስኳር ያልበዛበት የኢፍጣር ብስኩት፦ በፖም፣ ፖም ከጠፋም በደጃችን ማንጎ



ረመዷን በደረሰ ቁጥር ወደ መድኃኒት ቤት ከሚመጡ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ መድኃኒት ሰዓት ናቸው። «በቀን ሦስት ጊዜ የታዘዘልኝን እንዴት ልውሰደው?»፣ «የዓይን ጠብታ ጾም ያበላሻል ወይ?» የሚሉት የተለመዱ ናቸው። ጥቂት የማይባሉት ደግሞ ስለ ኢፍጣር ገበታ ይጠይቃሉ። ከእነዚህ ውስጥ አንዲት እናት ያነሱትን ጥያቄ ለዛሬው ጽሑፋችን መነሻ አድርገነዋል። ባለቤታቸው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ሐኪም አይተዋቸው እንዲጾሙ ተፈቅዶላቸዋል። «ልጆቹ ሳምቡሳና ጣፋጭ ከሌለ ኢፍጣር አይመስላቸውም፤ አባታቸው ደግሞ ካዩት አይተዉትም። ለብቻቸው በሌላ ክፍል ላቅርብላቸው ወይ?» ነበር ያሉት።

የጥያቄውን ክብደት ቤቱ የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ሁሉ ያውቀዋል። ቀኑን ሙሉ ከቤተሰቡ ጋር የጾመ አባት መግሪብ ሲደርስ ለብቻው ይቀመጥ ማለት ከባድ ነው። መልሱም አባትን ከገበታው ማራቅ ሊሆን አይገባም። ገበታውን ለሁሉም እንዲስማማ አድርጎ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ከዚህ በታች የምናቀርበው ብስኩትም ለዚህ የሚረዳ አንድ ምሳሌ ነው። በፍራፍሬ የተሞላ፣ የሚጋገር እንጂ በዘይት የማይጠበስ፣ አዋቂም ሕፃንም ከአንድ ትሪ የሚያነሱት ትንሽ ብስኩት ነው።

ፖሙ ከየት ይመጣል?

በቱርክ ሙስሊሞች ቤት «ኤልማሊ ኩራቢየ» የሚባል ብስኩት አለ። «ኤልማ» በቱርክኛ ፖም ማለት ነው፤ በዐረብኛ ቱፋሕ የምንለው። ፖሙ ተፈቅፍቆ ከቀረፋ ጋር ይበስላል፣ ለውዝ መሰል ፍሬ ይገባበታል፣ ከዚያም በትንንሽ ሊጥ ተጠቅልሎ ይጋገራል። ከሻይ ጋር ለእንግዳ የሚቀርብ የቤት ሥራ ነው። በአገራችን ለዒድ ከሚሠራው ብስኩት ብዙም ስለማይርቅ እናቶቻችን እጃቸው ለመልመድ አይቸገሩም።

በአገራችን ፖም በስፋት ከሚታወቅባቸው ቦታዎች ዋነኛው በጋሞ ደጋ የምትገኘው ጨንቻ ናት። ችግኙ ወደ ጨንቻ የገባው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሚሲዮናውያን አማካይነት ሲሆን፣ ዛሬ የብዙ ገበሬ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆኗል። ፖም በዓመቱ ውስጥ የብርድ ወቅት ካላገኘ በደንብ አያብብም፤ ጨንቻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ተስማማው። የእኛዋ ጋምቤላ ከተማ ግን ወደ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚህም ወደ ኢታንግና ወደ ኩሌ ስንሄድ ያለው ያው ቆላ ነው። ስለዚህ ፖም እዚህ የሚደርሰው በመቱና በጎሬ በኩል በመኪና ወርዶ ነው። ሲደርስም ዋጋው ከፍ ብሎ፣ ብዙ ጊዜ ቆዳው ተጨማድዶ ነው።

የተጨማደደ ፖም ለብስኩት ምንም አይለውም፤ እንዲያውም ውኃው ስለሚቀንስ ቶሎ ይበስላል። የሻገተ ፖም ግን ሌላ ነገር ነው። በሻጋታው ምክንያት «ፓቱሊን» የሚባል መርዝ ሊፈጠር ይችላል፤ ይህ መርዝ ደግሞ በመቀቀል አይጠፋም። የሻገተውን ቆርጦ የቀረውን ለመጠቀም ከመሞከር ፖሙን መጣል ይሻላል።

የኩሌ ነገር

ኩሌ በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ወገኖችን ለመቀበል የተከፈተ መጠለያ ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኑዌሮች፣ ይኖሩበታል። የዕለት ራሽን በሚጠበቅበት አካባቢ ስለ ፖም ብስኩት ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ለስደተኞች የሚሰጠው የምግብ ዕርዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበርም አንረሳም። ጽሑፋችን በፖም ብቻ ያልቆመው ለዚህ ነው። በዚህ አካባቢ ዱቄትና ዘይት ያለው ቤት፣ ወቅቱ ሲደርስ ርካሽ የሆነ ፍራፍሬ አያጣም፤ እሱም ማንጎ ነው። የጋምቤላን ከተማ ያየ ሰው በየመንገዱና በባሮ ዳር ያለውን የማንጎ ዛፍ ያውቀዋል። ወቅቱ ሲደርስ ፍሬው ከዛፉ ሥር ረግፎ እስከ መበስበስ ይደርሳል። ይህን ፍሬ ለብስኩት ማዋል ይቻላል።

በምግብነት ሲመዘኑም ማንጎ ከፖም የሚያንስ አይደለም። መካከለኛ መጠን ያለው አንድ ፖም ወደ 95 ካሎሪ፣ 19 ግራም ያህል የተፈጥሮ ስኳርና ከ4 ግራም ትንሽ የሚበልጥ አሰር አለው። አሰሩ በብዛት የሚገኘው ከቆዳው ጋር ስለሆነ ሳይላጥ ታጥቦ ይፈቅፈቅ። ማንጎ በ100 ግራም ወደ 14 ግራም ስኳር ስላለው ከፖም (10 ግራም ገደማ) ይበልጥ ይጣፍጣል። በሌላ በኩል ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቢጫ ቀለም (ቤታ ካሮቲን) ሞልቶበታል። ቫይታሚን ኤ የጎደለው ሕፃን በመሸ ጊዜ ማየት ይቸገራል፤ ዳፍንት የምንለው ይህንኑ ነው። ቤታ ካሮቲን እሳትን በመጠኑ ይቋቋማል፤ ቫይታሚን ሲ ግን ሲበስል በብዛት ይጠፋል። ስለዚህ ለሕፃናት ከብስኩቱ ጎን ጥሬውንም ማንጎ ማቅረብ መልካም ነው።

ለምን አይጠበስም?

ሳምቡሳን የማይወድ የለም፤ ሳምቡሳ ከገበታችን ይጥፋም አንልም። ነገር ግን ሠላሳውን ቀን ሳምቡሳ፣ ለገይማትና ሙሸበክ በአንድ ገበታ ላይ ሲገናኙ ዘይቱና ስኳሩ ይደራረባል። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ስኳር ወይም ስታርች የሚሰጠው 4 ነው። ሊጥ በዘይት ሲጠበስ ዘይት ይጠጣል። በዚያ ላይ በብዙ ቤት አንድ ዘይት እስኪጠቁር ድረስ ለቀናት ይጠበስበታል። ደጋግሞ የጋለ ዘይት ይበላሻል፤ ጭስና መራራ ሽታ ማውጣት ሲጀምር መጣል አለበት።

ስለ ዘይት ዓይነትም አንድ ነገር እናንሳ። በገበያችን በብዛት የሚገኘው የፓልም ዘይት ነው። ከውስጡ ግማሽ ያህሉ በልብና በደም ሥር ላይ ጫና የሚያመጣው የረጋ ስብ ነው። ደጋ ላይ የሚኖር ሰው ዘይቱ ሌሊት ሲረጋ አይቶ ይለየዋል። በጋምቤላ ሙቀት ግን ሁልጊዜ ፈሳሽ ሆኖ ስለሚታይ እዚህ በዓይን መለየት አስቸጋሪ ነው፤ የማሸጊያውን ጽሑፍ ማንበብ ይጠይቃል። በፋብሪካ እንዲጠጥሩ ከተደረጉ የአትክልት ቅቤዎች አንዳንዶቹ ደግሞ ትራንስ ፋት የሚባለውን የባሰ ስብ ይይዛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ ስብ እስከ 2023 ድረስ ከምግብ እንዲወገድ ለአገሮች ጥሪ ያቀረበው በልብ ሕመም ላይ በሚያመጣው ጉዳት ምክንያት ነው። በማሸጊያው ላይ «በከፊል ሃይድሮጅኔትድ» የሚል ካነበቡ ይተዉት።

ለአንድ ሙስሊም ቤተሰብ ጽሑፍ ማንበብ ሌላም ጥቅም አለው። ከውጭ በሚመጡ የብስኩት ቅባቶች ውስጥ የአሳማ ስብ፣ በአንዳንድ ጣፋጮች ውስጥ ምንጩ ያልታወቀ ጄላቲን ሊኖር ይችላል። ፈሳሽ ቫኒላም ብዙ ጊዜ በአልኮል ይዘጋጃል። በቤታችን ስንጋግር ምን እንደገባበት እናውቃለን፤ በቫኒላ ፋንታም ቀረፋና ሄል ይበቁናል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለ20 ትንንሽ ብስኩቶች)

ለሊጡ፦
• የስንዴ ዱቄት 300 ግራም (በውኃ ብርጭቆ 2 ተኩል ያህል)፤ ከተገኘ ግማሹ ያልተነፋ ዱቄት ይሁን
• የሱፍ ወይም ሌላ ፈሳሽ ዘይት 5 የሾርባ ማንኪያ
• እርጎ ግማሽ ብርጭቆ
• 1 እንቁላል
• ስኳር 1 የሾርባ ማንኪያ
• ቤኪንግ ፓውደር 1 የሻይ ማንኪያ፣ ጨው ቁንጥር

ውስጡ ለሚገባው፦
• 3 መካከለኛ ፖም፣ ወይም 2 ትልልቅ፣ በጣም ያልበሰሉ ማንጎዎች
• ስኳር 1 የሾርባ ማንኪያ (ማንጎ ከሆነ ስኳሩ ይቅር)
• ቀረፋ 1 የሻይ ማንኪያ፣ የሎሚ ጭማቂ 1 የሻይ ማንኪያ
• ተቆልቶ የተፈጨ ለውዝ 2 የሾርባ ማንኪያ

አሠራሩ

በመጀመሪያ ውስጡ የሚገባው ይዘጋጅ፤ ምክንያቱም ሳይቀዘቅዝ ሊጥ ላይ ከተደረገ ሊጡን ያረጥበዋል። ፖሙን አጥበው ፍሬውን አውጥተው ይፈቅፍቁት፤ እንዳይጠቁር ሎሚውን ያርከፍክፉበት። ከስኳሩ ጋር በመለስተኛ እሳት ላይ ያለ ዘይት እያማሰሉ ውኃው እስኪመጥ ድረስ 10 ደቂቃ ያህል ያብስሉት። ካወጡት በኋላ ቀረፋውንና ለውዙን ይጨምሩበት። ማንጎ ከሆነ በትንሽ በትንሹ ከትፈው በተመሳሳይ መንገድ ያብስሉት። ማንጎ ውኃው ስለሚበዛ ጊዜው ይረዝማል፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። በመጨረሻ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ቢነሰነስበት ይረጋል።

ለሊጡ እርጎውን፣ ዘይቱን፣ እንቁላሉንና ስኳሩን ይምቱ። ዱቄቱን ከቤኪንግ ፓውደሩና ከጨው ጋር ቀላቅለው ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ። እጅ ላይ መጣበቁን ሲያቆም ይበቃዋል፤ እንደ ዳቦ ሊጥ ብዙ አይታሽም። ሸፍነው 15 ደቂቃ ያሳርፉት። ከዚያም በ20 ከፍለው እያንዳንዱን በመዳመጫ ወይም በንጹሕ ጠርሙስ የመዳፍ ያህል ያስፉት። አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ውስጡ አድርገው በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ይጠፉት፤ ጠርዙን በሹካ ይጫኑት። ከላይ ወተት ቢቀቡት ቀለሙ ያምራል።

ኦቭን (የዳቦ መጋገሪያ) ያለው ቤት በ180 ዲግሪ 25 ደቂቃ ያህል ይጋግር።

ኦቭን ለሌለው

በኩሌም ሆነ በብዙዎቻችን ቤት ኦቭን የለም። ነገር ግን ድፎ ዳቦ በከሰል ላይ ከላይና ከታች እሳት ሲጋገር ያላየ ማን አለ? ዘዴው ተመሳሳይ ነው። ወፍራም ብረት ድስት ውስጥ ንጹሕና ደረቅ አሸዋ ሁለት ጣት ያህል ያድርጉ። በላዩ ሦስት ትንንሽ ድንጋይ አስቀምጠው ክዳኑን ይግጠሙና 10 ደቂቃ ያግሉት። ብስኩቱ የተደረደረበትን ትሪ በድንጋዮቹ ላይ አስቀምጠው ይክደኑት። ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል። የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች በብረቱ ክዳን ላይ ጥቂት ፍም ቢያደርጉ ከላይም ይቀላል።

አራት ጥንቃቄዎች አሉ፦

1. ስስ የአልሙኒየም ድስት ለዚህ አይሆንም፤ ያለ ውኃ ሲግል ይቃጠላል። የማያጣብቅ ሽፋን ያለው መጥበሻም አይሆንም። ኬሚካል ወይም ቀለም የነበረበት ቆርቆሮ ፈጽሞ አይሞከር።

2. ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይነድም። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ራስ ያዞራል፣ ያስተኛል፣ ይገድላል። በረንዳ ላይ ወይም በርና መስኮት ተከፍቶ ይጋገር።

3. ማገዶ እንቆጥብ። ለዚህ ብስኩት ብቻ ተብሎ እሳት ከማንደድ ወጥ ከወረደ በኋላ ያለውን ፍም መጠቀም፣ ወይም ሁለትና ሦስት ጎረቤት ተራ ይዞ በአንድ እሳት መጋገር ይቻላል። በኩሌ እንጨት ለመልቀም ሴቶች የሚሄዱትን መንገድ የሚያውቅ የዚህን ጥቅም ይረዳዋል።

4. ንጽሕና። እ.ኤ.አ. በ2025 በክልላችን ኮሌራ ገብቶ እንደነበር ይታወሳል። ሊጡ ከመነካቱ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ፍራፍሬው በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፤ የተጋገረው ከዝንብ ይከደን። በዚህ ሙቀት ያለ ፍሪጅ ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም፤ ስለዚህ ለዕለቱ የሚበቃ ብቻ ይሠራ።

የስኳር ሕመምተኛው ስንት ይብላ?

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። ከላይ ባለው ልክ ሲሠራ አንዱ ብስኩት ወደ 115 ካሎሪና 16 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ይኖረዋል። ይህም ከአንድ ቁራጭ የፎርኖ ዳቦ ጋር ይቀራረባል። የተጨመረው ስኳር በአንዱ ብስኩት ከ2 ግራም በታች ነው። በንጽጽር አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ሲሆን፣ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን የሚመክረው የተጨመረ ስኳር ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ከተቻለም ከ25 ግራም በታች (6 የሻይ ማንኪያ) እንዲሆን ነው።

ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛው በተምርና በውኃ ካፈጠሩ በኋላ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ብስኩት ከቤተሰባቸው ጋር መብላት ይችላሉ። ይሁን እንጂ የበሉት እንደ ዳቦ ተቆጥሮ ከእንጀራው ወይም ከዳቦው ይቀነስ። ተምሩም ከአንድ እስከ ሦስት ፍሬ ይብቃው። ሻዩ ያለ ስኳር፣ መጠጡም ከጭማቂ ይልቅ ውኃ ይሁን። በእነዚህ ዓመታት ረመዷን በጋምቤላ የሙቀት ወራት ላይ እየዋለ ስለሆነ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ውኃን ደጋግሞ መጠጣት ለሁሉም ያስፈልጋል።

በዚህ አጋጣሚ በየጊዜው የምንሰማቸውን ሦስት አባባሎች እናርም።

«ማር ስኳር አይደለም» ይባላል። የማጃንግ ጫካ ማር ጣዕሙ ድንቅ ነው፤ በደም ውስጥ ግን የስኳርን መጠን ከፍ ያደርጋል። የስኳር ሕመምተኛ በስኳር ፋንታ ማር ቢጠቀም አላተረፈም። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃንም ማር አይሰጥም፤ በውስጡ ሊኖር የሚችል ተሕዋስ ለጨቅላ አደገኛ ነው።

«ቀረፋ ስኳርን ያድናል» የሚለውም አለ። ቀረፋ ለጣዕም ጥሩ ነው፤ ስኳር ሳንጨምር ምግቡ ጣፋጭ እንዲመስለን ያግዛል። መድኃኒት ግን አይተካም። በየቀኑ በብዛት ሲወሰድ ደግሞ በገበያ የሚገኘው ዓይነት ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። በዚህ ብስኩት ውስጥ ያለው መጠን ምንም ስጋት የለውም።

«የስኳር ምትክ እንክብል እጨምርበታለሁ» የሚሉም አሉ። አስፓርታም የተባለው ዓይነት በእሳት ሲጋገር ጣዕሙን ስለሚያጣ ጥቅም የለውም።

ከሁሉ በላይ ግን፣ ምግቡ የቱንም ያህል ቢስተካከል መጾም ወይም አለመጾም የሚወሰነው ከሐኪም ጋር ነው። በተለይ ኢንሱሊን የሚወጉና ግሊቤንክላማይድ የሚውጡ ሰዎች ቀን ላይ ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። የመድኃኒታቸው መጠንና ሰዓት ረመዷን ሳይገባ መስተካከል አለበት። በጾም ላይ እያሉ ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት ወይም ግራ መጋባት ከተሰማ ወዲያው ስኳር ይለካ። ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ ጾሙ ይፈታ። መለኪያ ከሌለና ምልክቱ ከታየም አይጠበቅ፤ ጣፋጭ ነገር ይወሰድ። ጣትን ወግቶ መለካት ጾም እንደማያበላሽ ዑለማዎቻችን ያስረዳሉ። አላህ (ሱ.ወ) ለታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያወጣ፣ የማይድን ሕመም ላለበትም ፊድያ እንዲሰጥ ማግራራቱን ቢሰማም «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ሕይወቱን አደጋ ላይ የሚጥል ሰው ያጋጥማል። ቤተሰብ ይህን ሰው ሊያበረታታው እንጂ ሊያሳፍረው አይገባም።

ለልጆች

ለልጆች ብስኩቱ ከከረሜላና ከፋብሪካ ብስኩት የተሻለ ነው። ሆኖም ዕድሜው ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስኳር የተጨመረበት ምግብ ባይለመድ ይመረጣል፤ ለእሱ የተቀቀለው ፖም ወይም ማንጎ ያለ ስኳርና ያለ ሊጥ ይበቃዋል። ለትንንሾቹ ለውዙ በደንብ ይፈጭ፤ ድፍን ለውዝ ሊያንቃቸው ይችላል። ለውዝ የማይስማማው ልጅ ባለበት ቤትም ጭራሽ አይግባ። ልጆች ከተኙ በፊት ጥርሳቸውን እንዲፍቁ ማድረግም አይዘንጋ፤ መፋቂያም ቢሆን ሥራውን ይሠራል።

ከዚህ ልክ የሚወጣው 20 ብስኩት ለስድስትና ለሰባት ሰው ቤተሰብ ተርፎ የሚቀር ነው። የተረፈው ደግሞ ሳይሻግት የዚያኑ ምሽት መውጣት አለበት። ከተራዊሕ በፊት ለጎረቤት፣ ለመስጂዱ ጥበቃ፣ ወይም ከኩሌ መጥቶ በከተማ ለሚያድር እንግዳ በሳህን ከድኖ መላክ ነው። ለጾመኛ ማስፈጠር ያለውን ምንዳ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሳህኑ የስኳር ሕመምተኛ ቤት ሲደርስም የማይጎዳ ቢሆን የበለጠ ያማረ ነው።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን። ወሏሁ አዕለም።